ቀለሙ ወይስ ፍሬኑ?

ወዳጄ፣ ከአዲአርቃይ አንድ አሮጌ ያማሃ ሞተር ሳይክል ገዛህ እንበል። ደባርቅ ስታደርሰው ይንተፋተፋል፤ ካንዴላው ጠቁሯል። ሻጩን ለመርገም አትቸኩል። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሲሳሳ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል። ይህ በቀላሉ ይስተካከላል።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የቀረህ ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ይበቃል፦ ለቤንዚን ሰልባትዮው ቀለም ወይስ ለፍሬን ሸራ? (ቀለም መውደድ ኃጢአት አይደለም፤ የሚያብረቀርቅ ሞተር እኔንም ደስ ይለኛል።) ቀለሙን አንተ ታየዋለህ። ፍሬኑ የሚያስፈልገው ግን፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደል ጠርቦ ባወጣው የሊማሊሞ መንገድ፣ ከኩርባው ወዲያ አህያውን እየነዳ ለሚመጣው ሰው ነው። ስሙን እንኳ አታውቀውም።

ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። የሚወድቀው ማን እንደሆነ አይነግረውም፤ ሰው ቢወድቅ ግን በደሙ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው።

«ሸራውን የጨረስኩት እኔ አይደለሁም፤ ከእኔ በፊት የነበረው ነው» ትለኝ ይሆናል። እውነትህን ነው። ቁልፉ ግን አሁን በማን ኪስ ነው ያለው?