ያላነበበችው እናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ ምእመናን፣ በጾመ ፍልሰታ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስለ ትዳርና ስለ ልጅ አስተዳደግ የተጻፉ መንፈሳውያን መጻሕፍት ይሸጣሉ። መልካም ነው። ግን ማንበብ የማትችል እናት ልጇን በምን ታሳድገው?

የእኔ እናት ፊደል አልቆጠረችም። ዲያቆን ከሆንኩ በኋላ ስለ እናትነት የሚናገር መጽሐፍ ገዝቼ አነበብኩላት። ስለ ይቅርታ የሚለው ጋ ስደርስ፣ «ታዲያ አንተ ከወንድምህ ጋር መቼ ነው የምትታረቀው?» አለችኝ። አፈርኩ። እኔ ቃሉን አነበብኩ፤ ሰሚዋ ግን እርሷ ነበረች። ጾሙ ሳይፈታ ወንድሜ ቤት ሄድኩ።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሣ አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ ይመሰክራል (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። ታዲያ መጽሐፍ አይጠቅምም ማለት ነው? አይደለም! ይኸው ጢሞቴዎስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን ያውቅ ነበር (2ኛ ጢሞ. 3፥15)። መጽሐፍ መንገዱን ያሳያል፤ ልጅ ግን የሚከተለው እናቱ ስትሄድበት ያየውን ነው።

ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ መጽሐፉን ግዙ፤ ማንበብ ካልቻላችሁ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ። እኛ ያነበብን ደግሞ መጽሐፉን ከድነን መደርደሪያ ላይ ከማስቀመጣችን በፊት ያስቀየምነውን ሰው ይቅርታ እንጠይቅ።

የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።