ቃታው ከመሳቡ በፊት

የጦር አውሮፕላንና የፀረ አውሮፕላን ሚሳይል ፍልሚያ ከጉልበት ይልቅ የማየትና የመታየት ትግል ነው። ራዳር ጨረሩን ካልለቀቀ ጠላቱን አያይም፤ ከለቀቀ ደግሞ ራሱ ይታያል። አብራሪው በተራራ ተከልሎ ዝቅ ብሎ ይበርራል፣ ራዳርን የሚያደናግር የብረት ብናኝ ይበትናል፣ ሚሳይሉ ሲቃረበውም በድንገት ይታጠፋል። አሜሪካውያን በቬትናም ጦርነት ከዚህ አልፈው፣ የራዳሩን ጨረር ተከትሎ ምንጩን የሚመታ ሚሳይል ሥራ ላይ አዋሉ። ከዚያ ወዲህ የራዳር ባለሙያው ምርጫ አይቶ መመታት ወይም ታውሮ መትረፍ ሆነ። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1999 ከራዳር የሚሰወረውን ኤፍ 117 አውሮፕላን የጣለው የሰርቦች ባትሪ፣ ራዳሩን የሚያበራው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነበር።

ይህ የብልሃት ታሪክ ነው። የግብረ ገብ ጥያቄው የሚነሣው ግን ብልሃቱ በተከላካዩ ልብ ውስጥ ከሚተወው ፍርሃት ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከሰማይ የሚመጣን ሞት የሚጠብቅ ሰው የመጣውን ሁሉ ሞት አድርጎ ያየዋል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 2020 የአሜሪካን አጸፋ ይጠባበቅ የነበረው የኢራን ጦር፣ ከቴህራን የተነሣ የዩክሬን የመንገደኞች አውሮፕላን በሚሳይል ጣለ፤ 176 ሰዎች አለቁ። በዚያው ዓመት ሜይ 4 ቀን ደግሞ በሶማሊያ ባርዳሌ፣ የኢትዮጵያ ወታደሮች የኮሮና መከላከያ ቁሳቁስ የጫነ የኬንያ ኩባንያ አውሮፕላን መትተው ጣሉ። ስድስት ሰዎች ሞቱ። በረራው ያልተለመደ ስለ ነበረና አስቀድሞ ስላልተነገራቸው የአጥፍቶ ጠፊ መስሏቸው እንደ ነበር በወታደሮቹ በኩል ተገለጸ።

ናይሮቢ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ተኳሹ ወገናችን፣ ሟቹ ጎረቤታችን ነው። በትርጉም ሥራዬ «ሥጋት» የሚለው ቃል ዘወትር ያስቆመኛል። የእንግሊዝኛው «ትሬት» አደጋውን በሚመጣው ነገር ላይ ያኖረዋል፤ የአማርኛው «ሥጋት» ግን በሚፈራው ሰው ልብ ውስጥ። ቋንቋችን እዚህ ላይ እውነቱን የያዘ ይመስለኛል። በባርዳሌ ሰማይ ላይ የነበረው የሕክምና ቁሳቁስ ሲሆን፣ ሥጋቱ ያለው ምድር ላይ ነበር።

ታዲያ ወታደሩ ባይተኩስና አውሮፕላኑ በእርግጥ አጥፍቶ ጠፊ ቢሆን ኖሮስ? ይህ ጥያቄ ሊናቅ አይገባም። በሰከንዶች ውስጥ ሕይወትን ከሕይወት ጋር እንዲመዝን የተገደደን ሰው ከወንበር ላይ ሆኖ መኮነን ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ወታደሩን በሰከንዶች ውስጥ እንዲወስን ያስገደደው ማን ነው? ኢራን በዚያች ሌሊት ሰማይዋን ለሲቪል በረራ አልዘጋችም። በባርዳሌም ቢሆን «አውሮፕላን ይመጣል» የምትል አንዲት መልእክት በቂ ነበረች። ሁለቱም ነገሮች መፈጸም የነበረባቸው አስቀድሞ፣ በሰላም ለማሰብ ጊዜ ባላቸው ሰዎች ነው።

ስለዚህ ፍርሃት የተኳሹን በደል ያቀልለው ይሆናል፤ ፍርሃቱን አስቀድሞ ማስወገድ ሲችል ዝም ያለውን ግን ነፃ አያወጣም። የጦር አውሮፕላን አብራሪ ወደ ሚሳይሉ ሰማይ የሚገባው አደጋውን አውቆ ነው። ለሕሙማን ቁሳቁስ ጭኖ የሚበረው ሰው ግን እንዲህ ያለ ውል አልገባም፤ ሕይወቱን አምኖ የሰጠው ምድር ላይ ላሉት ሰዎች ጥንቃቄ ነው።