ነገርን ከሥሩ

ጨርሶ የሞተ ኮምፒውተር ቤተሰብ አያጣላም። አልነሣም ካለ አልነሣም ነው፤ ይጠገናል፣ ካልሆነም ይጣላል። ቤት የሚያምሰው አንዴ እየሠራ አንዴ የሚጠፋው ነው። ቀን ሰላም ውሎ ማታ ልጁ ጌሙ መሐል ሲደርስ ድርግም ይላል፤ ጥገና ቤት ሲወስዱት ደግሞ ምንም እንዳልነካው ደህና ሆኖ ይውላል። ያን ጊዜ አባት «ይኸው ጌም ነው ያበላሸው» ይላል። ልጅ በታናሹ ያሳብባል። እናት መብራቱን ትረግማለች። ጠጋኙ «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ሁሉም ፈርዶ ጨርሷል፤ ነገሩን የጠየቀ ግን አንድም ሰው የለም።

ከአዘዞ አለፍ ብለን በባሕር ዳሩ መንገድ የምንኖር የጠዳ ሰዎች ይህን እንደ ትንሽ ነገር ልናየው አይገባም። አንድ ወጣት ለጌም የሚሆን ማሽን ለመግዛት ስንት ጊዜ እንደሚያጠራቅም እናውቃለን። ያም ማሽን ለጌም ብቻ አይውልም፤ የጤና ሳይንስ ኮሌጁ ተማሪ ጽሑፉን ይሠራበታል፣ የሠርጉና የክርስትናው ፎቶም እዚያው ተቀምጧል። ስለዚህ ልጆቼ፣ እናንተም ወላጆች፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁና እርስ በርስ ከመቀያየማችሁ በፊት አንድ ነገር ልምከራችሁ።

አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። ሁለት የተጣሉ ሰዎች ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ፣ አስተዋይ ሽማግሌ «ጥፋተኛው ማነው?» ብሎ አይጀምርም። «መቼ ተጀመረ? የት ነበራችሁ? ማን አብሯችሁ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ ምስክሩንም አንድ በአንድ ይሰማል። ኮምፒውተሩንም እንዲሁ ጠይቁት። አንድ ደብተር አጠገቡ አኑሩ። በጠፋ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን፣ የትኛው ጌም ተከፍቶ እንደነበር፣ ከተከፈተ ስንት ደቂቃ እንደሆነው፣ ቤት ውስጥ በዚያ ሰዓት ምን ሌላ ነገር በመብራት ይሠራ እንደነበር ጻፉ። ይህን ለሁለት ሳምንት ያደረገ ሰው ብዙውን ጊዜ መልሱን በገዛ እጁ ጽፎት ያገኘዋል።

አጠፋፉንም ለዩ። አምፖል እንደማጥፋት ድንገት ጨልሞ የሚቀር ወይም ራሱ ሪስታርት የሚያደርግ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ኃይልና ሙቀት ናቸው። ስክሪኑ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ሆኖ ጽሑፍ ካወጣ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ ያ ጽሑፍ የማሽኑ ቃል ነው። ምስሉ ደርቆ ድምፁ እየተደጋገመ የሚንገጫገጭ ከሆነ ወደ ግራፊክስ ካርዱና ወደ ድራይቨሩ ተመልከቱ። ጌሙ ብቻውን ተዘግቶ ዊንዶውሱ ደህና ከቀረ ደግሞ የጌሙ ፋይል ወይም ሜሞሪው ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ራሱም መዝገብ ይይዛል፤ ሪላይቢሊቲ ሞኒተር የሚባለው ገጽ የትኛው ቀን ምን እንደወደቀ በተርታ ያሳያል። ኢቨንት ቪወር በሚባለው ሌላው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ጽሑፍ አይቶ ማሽኑን ኃይል የሚመግበውን ፓወር ሰፕላይ ሊገዛ የሚሮጥ አለ። ይህ መዝገብ ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ይናገራል፤ ሟቹን ይነግራችኋል እንጂ ገዳዩን አይጠራም።

ስለ ፎርማት እዚህ ላይ ልናገር። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ገና ምክንያቱ ሳይታወቅ ፎርማት የተደረገ ማሽን አቧራው አይጠረግለትም፣ የላላው ገመድ አይጠብቅለትም፣ ያረጀው ፓወር ሰፕላይ አይታደስለትም። የሚጠፋው የኮሌጁ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ፎርማት ቦታ አለው፤ ሌላው ሁሉ ታይቶ ካለቀ በኋላ፣ ፋይሉም ሌላ ዲስክ ላይ ከተቀመጠ በኋላ። ከዚያ በፊት «ፎርማት» የሚላችሁ ሰው የሚቀናውን ሥራ ነው የነገራችሁ።

አሁን ወደ መብራቱ እንምጣ፤ በእኛ አገር ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ እዚህ ነው። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ነገር ግን ከግድቡ እስከ እናንተ ሶኬት ድረስ ትራንስፎርመር አለ፣ ምሰሶ አለ፣ የሰፈር መስመር አለ፣ ከሁሉም በኋላ የቤታችሁ ሽቦ አለ። 220 ቮልት ተብሎ የሚጠራው መብራት ማታ ሁሉም ቤት ምድጃውን ሲያቀጣጥል ዝቅ ይላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል፤ ለጌም የሚሆነው የልጃችሁ ማሽን ግን አብዛኛውን ጊዜ 500 ዋት እንኳ አይሞላም። ሁለቱ በአንድ ቀጭን ሽቦ ላይ ሲሆኑ የሚሸነፈው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ስለዚህ ደብተሩን ግለጡና ማሽኑ የጠፋባቸው ቀኖች እንጀራ የሚጋገርባቸው ቀኖች መሆን አለመሆናቸውን ተመልከቱ። ከሆኑ፣ ጌሙም ታናሹም ከክሱ ነፃ ናቸው።

«መብራት እኮ አልሄደም፤ አምፖሉ በርቶ ነበር» የሚል አይጠፋም። ፓወር ሰፕላይ በሙሉ ጭነት ሳለ ኃይል ቢቋረጥበት ይዞ የሚቆየው 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ አንዱ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። እንግዲህ አንዲት ዙር ብትጎድል ዓይናችሁ የአምፖሉን መርገብገብ ሳያስተውል ማሽኑ ሊጠፋ ይችላል። ጥገና ቤት ሲሄድ ደህና የሚሆነውም ለዚህ ይሆናል፤ መስመሩ ሌላ ነው፣ ምጣድ የለም፣ ጠጋኙም ሁለት ሰዓት ሙሉ ጌም አይጫወትበትም። ፈተናው ቀላል ነው፤ መብራቱ ደህና የሆነ ጓደኛችሁ ቤት ውሰዱትና በዚያው ጌም፣ ያንኑ ያህል ሰዓት አጫውቱት።

ዲቫይደሩንም ንቀሉና ገልብጣችሁ እዩት። ቀዳዳው ዙሪያ ቡናማ ሆኖ የተለበለበ፣ ሶኬቱን ስትሰኩት የሚወዛወዝ፣ ስትነኩት የሚሞቅ ከሆነ ለማሽኑ ብቻ ሳይሆን ለቤቱም አደጋ ነው፤ ዛሬውኑ ጣሉት። ስታቢላይዘር ቮልቱ ከፍ ዝቅ ሲል ያስተካክላል፤ መብራት ጨርሶ ሲሄድ ግን ምንም አያደርግም። ለዚያ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው የሚያስፈልገው፤ ጌም ለመቀጠል ሳይሆን ሥራችሁን አስቀምጣችሁ በወጉ ለመዝጋት። ሁለቱንም መግዛት የማይችል ቤት ቢያንስ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ይንቀል፤ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ይታገሥ። የመጀመሪያው መምጣት ብዙ ዕቃ ያቃጥላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

ከመስመሩ ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩ ራሱ አለ። ወጣቶቻችን ብዙ ጊዜ የሚገዙት ቢሮ ያገለገለ ማሽን ነው፤ ከዚያ ግራፊክስ ካርድ ይጨምሩበታል። ብልሃቱ መጥፎ አይደለም። ግን ሒሳቡን ሥሩ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ታወሩ ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ፓወር ሰፕላይ 275 ዋት ነው። 75 ዋት የሚበላውን ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ቢጨምሩበት ይሸከማል። አርኤክስ 580 ግን ብቻውን እስከ 185 ዋት ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ ፕሮሰሰሩ አለ፣ ዲስኩ አለ። እንዲህ ያለው ማሽን ጽሑፍ ሲጻፍበት ዓመት ሙሉ አይጠፋም፤ ጌሙ ሲከብድ ይወድቃል። ዕድሜውንም አትርሱ፤ አሥር ዓመት ቢሮ ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ የተጻፈበትን ዋት ያህል ይሰጣል ብላችሁ አትተማመኑ።

አንድ ነገር አደራ። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን አትክፈቱ፤ ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ በውስጡ ይቆያል። ከጓደኛ ተውሳችሁ ስትሞክሩም ገመዱ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ ከነገመዱ ተዋሱ። ሶኬቱ ገጥሞ ውስጡ ያልገጠመ የሌላ ፋብሪካ ገመድ ዲስክና ማዘርቦርድ ያቃጥላል።

ሙቀቱን ለማወቅ ኤችደብሊውኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ጌሙ ሲከብድ ፕሮሰሰሩ ወደ 95 እና 100 ዲግሪ ከተጠጋ ምክንያቱን ፈልጉ። በበጋ አቧራችን የታወቀ ነው። የጎን ክዳኑን ስትከፍቱ በፋኑና በብረቱ መካከል አቧራው ከፀጉርና ከክር ጋር ተጠቅጥቆ አየር የማያሳልፍ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ከላይ ሲያዩት ፋኑ ይዞራልና ደህና ይመስላል። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ደጅ አውጡትና በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፤ ፋኑን እንዳይሽከረከር በጣታችሁ ያዙት፤ እርጥብ ጨርቅ አታስጠጉ። ከፍታ ላይ መኖራችንም የራሱ ነገር አለው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ ያው ፋን ያንኑ ያህል ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የማታው ብርድ ያካክሰዋል፤ ማሽኑን ግን ከግድግዳና ከአልጋ ልብስ አርቁት።

ሜሞሪው ሲጠረጠር ደግሞ ሁለት ከሆነ ሁለቱንም አውጥታችሁ አንዱን ብቻ ሰክታችሁ ሞክሩ፤ ቀጥሎ ሌላውን። ማዘርቦርዱ ላይ በፍጥነት እንዲሮጥ የታዘዘ ከሆነ ወደ መደበኛው መልሱት። ሜምቴስት 86 የሚባለውን ፕሮግራም በፍላሽ ጭናችሁ ሌሊቱን ሙሉ አስፈትሹት፤ አንዲት ስሕተት እንኳ ካወጣ አይናቅም። ብዙ ጊዜ ግን ነቅሎ፣ ጠርጎ፣ ቀጥ አድርጎ መልሶ መሰካት ብቻ ይበቃዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የምለምናችሁ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንድትለውጡ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። በአንድ ቀን ሜሞሪ ለውጦ፣ ድራይቨር አዘምኖ፣ ፓወር ሰፕላይ ቀይሮ ማሽኑ የዳነለት ሰው ምን እንዳዳነው አያውቅም፤ በወሩ ሲመለስበትም ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ገንዘቡም አልቋል። አንዱን ለውጡ፣ ጻፉት፣ በፊት ይጠፋበት ከነበረው ጊዜ ለሚበልጥ ጊዜ ጠብቁ። በየሦስት ቀኑ ይጠፋ የነበረ ማሽን አንድ ቀን ደህና ስለዋለ አልዳነም።

ጥፋቱ ከእናንተ ቤት ሳይሆን ከፋብሪካው የሚመጣበትም ጊዜ አለ። አንዳንድ የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች በዓለም ዙሪያ የተጫዋቾችን ማሽን ሲጥሉ ቆይተዋል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ «የግራፊክስ ሜሞሪ አልቋል» የሚል ስለነበር ስንቱ ሰው ጤነኛ ግራፊክስ ካርዱን ከሰሰ፣ ስንቱ ጌም ሠሪውን ሰደበ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልት እንዲጠይቅ የሚያደርግ ስሕተት መኖሩን አመነ፤ በነሐሴ ወር ማስተካከያ አወጣ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው ግን የተጎዳውን አያድንም፣ ገና ያልተጎዳውን ይጠብቃል እንጂ። እንዲህ ያለ ፕሮሰሰር ያለው ልጅ ማስተካከያው የሚገባበትን የማዘርቦርዱን ባዮስ ማዘመን አለበት። በዚያው ዓመት ሐምሌ ውስጥ ክራውድስትራይክ የሚባል ኩባንያ የላከው አንድ የተሳሳተ ማዘመኛ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖችን በአንድ ጊዜ ጥሏል። ትላንት ደህና የነበረ ማሽን ዛሬ ሲወድቅ «ትላንትና ዛሬ መካከል ምን ተጫነ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈለገው ስለዚህ ነው። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን የተሰበረ ጌምም ከዚሁ ቁጠሩት፤ ምን ይዞ እንደሚገባ የሚያውቅ የለም።

ወላጆች፣ ልጁ ክዳን ከፍቶ ሲያይ «አበላሸኸው» ብላችሁ አትጩኹበት። ሶኬቱ መነቀሉን ጠይቁት፣ ከዚያ አጠገቡ ተቀመጡና ደብተሩን ያንብብላችሁ። በትዕግሥት ምክንያት መፈለግ የለመደ ልጅ ያንን ልማድ ወደ ክሊኒኩም ወደ እርሻውም ይዞት ይሄዳል። ልጆች፣ እናንተም ሰፈር ውስጥ ተረዳዱ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። አንዱ ጋ ትርፍ ሜሞሪ አለ፣ ሌላው ጋ ደህና ፓወር ሰፕላይ አለ፤ ለአንድ ማታ መዋዋስ ለሁሉም ዕቃ ከመግዛት ያድናል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ማሽኑ እምቢ ቢልና ልትሸጡት ብትወስኑ፣ የጠፋባቸውን ቀኖችና የለወጣችሁለትን ዕቃ ለገዢው ሳትደብቁ ንገሩት፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ቀንሱለት። ገዢው እንደናንተው ያጠራቀመ የማክሰኝት ወይም የአዘዞ ልጅ ነው።