የጎረቤት እሳት



ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ጁሙዓ ነበር። ምሥራቅ ጎጃም፣ ሞጣ ላይ መስጂዶቻችን የነደዱበት ቀን። ሰበቡ «ቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ተነሣ» መባሉ ነበር።

ወንድሜ፣ እህቴ፤ ይህን የሚያስታውስ ወጣት «የእነሱ ቤተ ክርስቲያን ቢቃጠልስ፣ ለእድሳቱ ላግዝ?» ቢለኝ አልቆጣውም። ጥያቄው ከቁስል ነው የመጣው። ደግሞ አልደብቅህም፤ ብዙዎቹ ዑለማዎች ለሌላ እምነት ማምለኪያ ግንባታ ገንዘብ ማዋጣትን አይፈቅዱም። እኔም እዚህ ፈትዋ አልሰጥህም።

እሳቱን ማጥፋት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሱረቱል ሐጅን 40ኛው አንቀጽ ላይ ክፈት። አላህ (ሱ.ወ) ሰዎችን በሰዎች ባይከላከል ኖሮ ይፈርሱ የነበሩትን ቤቶች ሲዘረዝር ገዳማትን፣ አብያተ ክርስቲያናትን፣ ምኩራቦችን ይጠራል፤ መስጂድ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አንቀጹን ከልጅነቴ ጀምሮ ቀርቼዋለሁ። ቅደም ተከተሉን ያስተዋልኩት ግን ከሞጣ በኋላ ነው።

ስለዚህ ጭስ ስታይ ባልዲህን ይዘህ ሩጥ። አመዱን አብረህ ጥረግ፤ ቤቱ ለተቃጠለበት ጎረቤትህም ሰደቃህን ስጥ። ስለ ቆርቆሮውና ስለ ሚስማሩ የምታምነውን ዓሊም ትጠይቃለህ፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላ።