ዘማሪው እንዳይራብ፦ ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሕይወትና ትሩፋት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 13 ከቁጥር 10 ጀምሮ አንድ የሚያሳዝን ታሪክ ተጽፏል። ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም በተመለሰ ጊዜ በቤተ መቅደሱ ውስጥ ዝማሬ አልነበረም። ሌዋውያኑና መዘምራኑ ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሸሽተው ነበር። ነህምያም ስለ ሸሹት መዘምራን ሹማምንቱን ተቈጣ፤ የእግዚአብሔር ቤት ስለ ምን ተተወ ብሎ ጠየቃቸው። ከዚያም መዘምራኑን ሰብስቦ በየቦታቸው አቆማቸው፤ ሕዝቡም የእህሉን፣ የወይኑንና የዘይቱን ዐሥራት ወደ ጎተራው አገባ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ዝማሬ ከሰማይ የተሰጠ ጸጋ ቢሆንም ዘማሪው በምድር ላይ እንጀራ የሚበላ ሰው ነው። እርሱ የተራበ ዕለት የእግዚአብሔር ቤት ዝም ይላል።

ይህን ነገር በዘመናችን ከተረዱትና በሕይወታቸው ከፈጸሙት ሰዎች አንዷን እናት ዛሬ እናስታውሳለን። እርሳቸውም በዓለም ሁሉ በፒያኖ ዜማቸው የታወቁት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። በሌላው ዓለም አብያተ ክርስቲያናት ኦርጋን የሚመታና መዘምራንን የሚመራ አገልጋይ አለ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን የማኅሌቱ መሪ መሪጌታ ነው፤ መሣሪያዎቹም ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ናቸው፤ በገናም ለግል ጸሎትና ለተመስጦ ይደረደራል። ዜማችንም ከቅዱስ ያሬድ የተቀበልነው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ነው። ስለዚህ ስለ እማሆይ ስንጽፍ ፒያኖ ወደ ቅኔ ማኅሌት ይግባ ማለታችን አይደለም፤ እርሳቸውም ዜማቸውን ለቅዳሴ አላቀረቡም። የምንጽፈው እግዚአብሔር የሰጣቸውን ሙያ ለማን እንዳዋሉት ለመማር ነው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው የውብዳር ነው። አባታቸው በአውሮፓ የተማሩትና በጎንደር ከንቲባነት ያገለገሉት ከንቲባ ገብሩ ደስታ ሲሆኑ፣ እኅታቸው በኢትዮጵያ ፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ የሆኑት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። የውብዳር በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ። ከወላጅ ርቀው በባዕድ አገር በአዳሪ ትምህርት ቤት ሲኖሩ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ደረሰ። በ1937 እ.ኤ.አ. ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው በመጀመሪያ ወደ አዚናራ ደሴት፣ ቀጥሎም በኔፕልስ አቅራቢያ ወዳለችው መርኮሊያኖ ተወሰዱ። በዚያ ዕድሜ ላይ ያለች ወጣት ትምህርቷን በምትቀጥልበት ጊዜ እርሳቸው የግዞተኛ ኑሮ ኖሩ።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ከተባለ የፖላንድ ተወላጅ የቫዮሊን ሊቅ ተማሩ። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል፣ አራቱን ለቫዮሊን አምስቱን ለፒያኖ እያደረጉ ይለማመዱ ነበር። መምህራቸውም በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ ሆኗል። እኛ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለመዝሙር ጥናት መገኘት የሚከብደን ወጣቶች ይህን የዘጠኝ ሰዓት ትጋት ብናስበው መልካም ነው። ጸጋ ያለ ድካም አይጸናም።

ከዚህ በኋላ ግን በሩ ተዘጋ። ወጣቷ በለንደን ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ለመቀጠል ዕድል አግኝተው ሳለ የመሄጃ ፈቃድ ተከለከሉ። ኀዘኑ እጅግ ስለ ጸናባቸው ለ12 ቀናት እህል ሳይቀምሱ ቆይተው ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። በዚያም ቅዱስ ቍርባን እንዲያቀብሏቸው ለመኑ። ከተቀበሉ በኋላ ረጅም እንቅልፍ ተኝተው ሲነሡ ልባቸው ዐርፎ አገኙት። እኛ ይህን የምንጽፈው በኀዘን ራስን ማስራብ መልካም ነው ለማለት አይደለም፤ ሰውነታችን የእግዚአብሔር አደራ ነው። የምንጽፈው የተዘጋ በር ሕመም እውነተኛ መሆኑን ቅዱሳት እናቶቻችንም እንደ ቀመሱት ለማሳየት ነው። የተከፋውን ወጣት «ምን ሆንክ፣ ተው እንጂ» ብሎ ማለፍ የክርስቲያን ማጽናኛ አይደለም።

የውብዳር ከዚያ በኋላ ሙዚቃውንም የከተማውንም ኑሮ ትተው በወሎ ወደምትገኘው ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ወጡ። በዚያም መንኵሰው ጽጌ ማርያም ተባሉ። ዐሥር ዓመት ያህል ጫማ ሳያደርጉ፣ በጭቃ ጎጆ እያደሩ፣ በጾምና በጸሎት ኖሩ። የስዊዘርላንድና የካይሮ ተማሪ፣ የከንቲባ ልጅ፣ ፒያኖ በሌለበት ተራራ ላይ ዝም አሉ። ሰው ቢያየው ያ ሁሉ ትምህርት ባከነ ይላል። እኛ የኢተያ ልጆች ግን ይህን ነገር ከአባቶቻችን ማሳ እናውቀዋለን። ለዘር የተመረጠው ስንዴ ወደ መሬት ሲገባ ከዓይን ይሰወራል፤ ገበሬው ግን ጠፋ አይልም። ጌታችንም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የስንዴ ቅንጣት በምድር ወድቃ ካልሞተች ብቻዋን እንደምትቀር፣ ብትሞት ግን ብዙ ፍሬ እንደምታፈራ አስተምሮናል።

እግራቸው ስለ ታመመ ከተራራው ወረዱ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑ ጀመር። ጎንደር የአቋቋም ትምህርት ከሚመሰከርባቸው ቦታዎች ዋነኛው ነው። እዚያም እማሆይ ሕይወታቸውን ያዞረ ነገር አዩ። ድጓ፣ ዝማሬና አቋቋም ሊማሩ ከየአገሩ የመጡ የቆሎ ተማሪዎች ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ ይዘው፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ይለምናሉ፤ ሌሊትም በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሜዳ ላይ ያድራሉ። የቤተ ክርስቲያንን ዜማ ለመጪው ትውልድ የሚሸከሙት እነዚህ ልጆች የሚበሉትና የሚጠለሉበት አልነበራቸውም። ይህን ያየ ሁሉ ያዝናል፤ ብዙውም ቁራሽ ሰጥቶ ያልፋል። እማሆይ ለእነርሱ የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው ያላቸውን ፈለጉ፤ የነበራቸውም ያ የተዉት ሙዚቃ ነበር። ስለዚህ በዜማቸው ገቢ ድሆች ልጆች እንዲማሩ ለመርዳት ቆረጡ።

በ1967 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ሸክላቸው በጀርመን አገር ታተመ። ገቢው በጦርነት የሞቱ ወታደሮች ልጆችን ለመሰሉ ወላጅ አልባ ሕፃናት እርዳታ የታሰበ ነበር። በ1972 እ.ኤ.አ. በታተመው ሌላ ሸክላ ደግሞ በኢየሩሳሌም አብያተ ክርስቲያናት ፒያኖ፣ ሐርሞኒየምና ኦርጋን ሲጫወቱ ተቀርጸዋል። በዜማቸው ውስጥ የአውሮፓ ትምህርትና የአገራችን ቅኝት ተጋብተው ይሰማሉ፤ የያሬድን ዜማ የጠና ጆሮም የሚያውቀው ቃና ያገኝበታል።

በ1984 እ.ኤ.አ. በደርግ ዘመን ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት የኢትዮጵያውያን ገዳም ገቡ። በዚያ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ፒያኖ፣ አንድ አልጋና ሥዕለ አድኅኖ ይዘው አርባ ዓመት ያህል ኖሩ። በ2006 እ.ኤ.አ. «ኤትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ እትም 21ኛ ቅጽ ሥራቸው እንደገና ሲወጣ ዓለም ሁሉ ሰማቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. የዜማ ጽሑፎቻቸው በመጽሐፍ ታተሙ። በስማቸው የተቋቋመው ድርጅትም ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ የሚረዳ ሆነ። ከዝና በኋላም ክፍላቸው ያችው ጠባብ ክፍል፣ ልብሳቸውም ያው የምንኵስና ልብስ ነበር። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ለእኛ ምን እንውሰድ?

አንደኛ፤ በመካከላችን በር የተዘጋባቸው ብዙዎች አሉ። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመትም 3.2 በመቶ ሆነ። እነዚህ ቍጥሮች በየቤታችን ስም አላቸው። አብረውን ወንበር የተካፈሉ፣ አብረውን ከበሮ የመቱ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። አንዳንዶቹ ከዚያ ወዲህ ከመዝሙር ጥናት ቀሩ፤ ሰው ስለ ውጤታቸው እንዳይጠይቃቸው ይሸሻሉ። እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባን ለዕረፍት ስንመጣ ፊት ወንበር ላይ እንድንቀመጥ እንጋበዛለን፤ እነርሱ ግን በደጀ ሰላሙ ጥግ ቆመው ይሄዳሉ። ይህ በእግዚአብሔር ቤት ሊሆን የሚገባው አይደለም። ጸጋ በፈተና ውጤት አልተሰጠም፤ በፈተና ውጤትም አይወሰድም። አባቶቻችን እንደሚተርኩልን ቅዱስ ያሬድም ትምህርት ጠፍቶበት ከመምህሩ ከጌዴዎን ሸሽቶ ነበር፤ ዛፍ ላይ ለመውጣት ደጋግማ የወደቀች ትል ናት የመለሰችው።

ሁለተኛ፤ የእማሆይ ጸጋ ሁለተኛ ሕይወት ያገኘው የሌላውን ረኃብ ባዩበት ቀን ነው። ለንደን ለመሄድ የታሰበው ሙዚቃ በጎንደር ደጅ ለሚያድሩ ልጆች እንጀራ እንዲሆን ተጠራ። እኛም የተዘጋብንን በር ብቻ እያየን የምንቆም ከሆነ ዓይናችን ሌላ አያይም። ዘወር ብለን ደጃችንን ብናይ ግን እኛ ያለን ነገር የሚያስፈልገው ሰው ቆሞ እናገኘዋለን። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ አንዲት ብቻ የተቀበለው ነው። ጥቂት ያለን እኛ የመቅበር ፈተናችን የበለጠ እንደሆነ እንወቅ።

ሦስተኛ፤ ኢተያ የስንዴ አገር ናት። ከጭላሎ ሥር እስከ ታች ሜዳው ድረስ በመከር ወራት ምድሩ ወርቅ ይመስላል፤ የቁሉምሳ የምርምር ጣቢያም ከደጃችን ነው። እንዲህ ባለ አገር በደብር ጥግ የሚያድር የአብነት ተማሪ ጦሙን ቢያድር፣ ነህምያ ሹማምንቱን የጠየቀው ጥያቄ በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣል። በዓመት በዓል ቀን ያሬዳዊው ዜማ አማረ፣ ወረቡ ደመቀ ብለን ተደስተን እንሄዳለን። ያን ዜማ ለነገ የሚይዘው ልጅ ማታ ምን እንደሚበላ ግን ስንቶቻችን እንጠይቃለን?

ስለዚህ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ሦስት ነገር እንድናደርግ በትሕትና እናሳስባለን። በመከር ጊዜ እያንዳንዱ አባል ከቤቱ አንድ ቁና ስንዴ ለአብነት ተማሪዎች እንዲያመጣ፤ በከተማ የምንማረውም ከኪሳችን የዚያኑ ያህል እንድናዋጣ ይሁን። ፈተናው ያልቀናቸው ወንድሞችና እኅቶች ለሕፃናት ክፍል መዝሙር እንዲያስተምሩ በአክብሮት ይጠሩ፤ ሲጠሩም ለማዘን ሳይሆን በእውነት ስለሚያስፈልጉን ይሁን። ለዕረፍት የምንመጣው ተማሪዎችም ለሚቀጥለው ፈተና የሚዘጋጁትን ያለ ክፍያ እናስጠና። እነዚህ ነገሮች ታላቅ ገንዘብ አይጠይቁም። እማሆይም ገንዘብ አልነበራቸውም።

ከዚህ ዓለም የወጣ ሰው ትሩፋቱ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ስለ እማሆይ ብዙዎች 150 ያህል ድርሰቶቻቸውን ይቈጥራሉ፤ ደግ ነው። እኛ ግን በዚያ በጎንደር ደጅ የቆሙትን ልጆች እንቈጥራለን። እነርሱን አይተው ባያዝኑ ኖሮ ያ ሁሉ ዜማ ምናልባት በልባቸው ውስጥ ተዘግቶ ይቀር ነበር። የደብራችን ማኅሌት ዛሬ ቆሟል፤ ነገም እንዲቆም ዘማሪው ወደ እርሻው እንዳይሸሽ ድርሻውን እንስጠው።

የእማሆይን ነፍስ ከቅዱሳን ጋር ያሳርፍልን። እኛንም የተሰጠንን የምናይበት ዓይን፣ ያየነውን የምንሰጥበት እጅ አያሳጣን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።