በሱስ የታሰረ ሰው ፈቃድ

አንባቢ ሆይ፤ መልካም መድኃኒት በክፉ መንገድ ቢገኝ፥ መልካምነቱ መንገዱን ያነጻዋልን?

በአሜሪካ አገር በኬንታኪ፥ ሌክሲንግተን በሚባል ከተማ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. የሞርፊንና የሄሮይን ሱሰኞች የሚታከሙበት ሆስፒታል ተከፈተ፤ ከሕሙማኑም ብዙዎቹ እስረኞች ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሐኪሞች ሜታዶን የሚባለውን መድኃኒት በእነርሱ ፈተኑ፤ ሱስ ሲቋረጥ የሚመጣውን ሥቃይ እንደሚያቀልም ተረዱ። ዛሬም በዚህ መድኃኒት ብዙዎች ከሞት ይተርፋሉ።

ነገር ግን በዚያ ስፍራ ለምርመራ ለገቡት እስረኞች ይሰጥ የነበረው ዋጋ፥ ሊላቀቁት የሚገባቸው ያው ዕፅ ነበረ። ይህም በ1975 ዓ.ም. በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት ተገለጠ።

«ወደው ገቡ» የሚል አይታጣም። ነገር ግን ጥም ያቃጠለውን ሰው ውኃ አሳይተው ቢያስፈርሙት፥ የፈረመው ጥሙ ነው እንጂ እርሱ አይደለም።

እንግዲህ መድኃኒት አይፈተን አንልም፤ ያልተፈተነ መድኃኒት ራሱ አደጋ ነውና። ሱሰኛው ግን ልቡ በረጋበት ሰዓት፥ ጉዳቱና ጥቅሙ ተገልጦለት ይጠየቅ፤ እምቢ ቢልም ሕክምናው አይቅርበት። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ማለቱ ፈቃድ አይባልምና።