አምሳያ ሐሰት ነውን?

በእኛ በመቱ ጎዳና ከስፖርት መኪና ይልቅ ባጃጅ ይበዛል። ሆኖም ባለመኪናዎች የሚከራከሩበት አንድ ጥያቄ እኛንም ያሳስበናል፤ ዘመናዊውን የስፖርት መኪና ሰጥቶ፣ በእጅ የተገጣጠመ የቀድሞ መኪና አምሳያ መቀበል ይገባልን?

ኮብራን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አሜሪካዊው ካሮል ሼልቢ በ1962 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ መኪና ላይ የፎርድ ሞተር ገጥሞ ሠራው። የተመረተው 1,000 ገደማ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ኮብራም በ2016 እ.ኤ.አ. በጨረታ 13.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ስለዚህ ብዙዎች ክፍሎቹን ገዝተው አምሳያውን ይገጣጥማሉ።

ይህ ማታለል ነውን? አይደለም እንላለን። ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊ ሐሰተኛ አይባልም፤ ሐሰተኛ የሚሆነው ግልባጩን «ዋናው ነው» ብሎ የሸጠ እንደ ሆነ ነው። ውሸት የሚያድረው በአንደበት እንጂ በብረት ላይ አይደለም። እንዲያውም ብሎኑን በገዛ እጁ ያጠበቀ ሰው የመኪናውን ጠባይ ጠንቅቆ ያውቃል።

የሚከብደው ሌላው ነው። ዘመናዊው መኪና ኤርባግና ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን አለው፤ አምሳያው አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ሰው የራሱን ምቾት ቢለውጥ መብቱ ነው፤ አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ደኅንነት ግን የእርሱ ገንዘብ አይደለም።

እንግዲህ ለዋጩ ራሱን ይመርምር፤ ሳይጠየቅ «አምሳያ ነው» ይላልን? አብሮት ለሚሳፈረውስ አደጋውን አስቀድሞ ይነግረዋልን? ሁለቱንም «አዎን» ካለ ይለውጥ፤ አለዚያ በያዘው ይጽና።